የፍሎሬንስ ናይቲንጌል ታሪክ

ሰውን ለመርዳት የሚወድ ልብ ታላቅ ስጦታ ነው። ነገር ግን መልካም ልብ ብቻውን በሽተኛን አያድንም። በሽተኛን የሚያስታምም ሰው ሥራውን መማር ይገባዋል፤ የተማረውንም ለጓደኛው ማስተማር ይገባዋል፤ የተሳሳተውንም መርምሮ ማቅናት ይገባዋል። ይህን ሁሉ በሕይወትዋና በሥራዋ ያሳየች አንዲት ሴት ነበረች፤ ስምዋም ፍሎሬንስ ናይቲንጌል ይባል ነበር። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. ልጅነትዋ

ፍሎሬንስ በ1820 ዓ.ም. ሜይ 12 ቀን ተወለደች። አባትዋና እናትዋ እንግሊዞች ነበሩ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በኢጣልያ አገር ይጓዙ ስለ ነበር፥ ልጅቱ በፍሎሬንስ ከተማ ተወለደች፤ የከተማይቱም ስም ስምዋ ሆነ። ታላቅ እኅትዋም ከአንድ ዓመት በፊት በናፖሊ ከተማ ተወልዳ ነበርና፥ በዚያች ከተማ የጥንት የግሪክ ስም ፓርተኖፔ ተባለች።

ወላጆችዋ ባለጸጎች ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ሁለት ታላላቅ ቤቶች ነበሩአቸው፤ ብዙ አገልጋዮችም ነበሩአቸው። በዚያ ዘመን ሴቶች ልጆች ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አይገቡም ነበር። የፍሎሬንስ አባት ግን የተማረ ሰው ነበርና፥ ሁለቱን ልጆቹን ራሱ በቤት አስተማራቸው። የግሪክንና የላቲንን ቋንቋ፥ ደግሞም ታሪክን ተማሩ። ፍሎሬንስ ቍጥርን እጅግ ትወድ ነበር። ያየችውን ነገር በደብተር መጻፍ፥ የጻፈችውንም በሰንጠረዥ መደርደር ደስ ያሰኛት ነበር። ይህ ልማድ በኋላ ዘመን ለብዙ ሰዎች መዳን ምክንያት ሆነ፤ በዚያን ጊዜ ግን ይህን ማንም አላወቀም።

በቤታቸው አቅራቢያ ድሆች ይኖሩ ነበር። ፍሎሬንስ የታመሙትን ትጠይቅ ነበር፤ ምግብም ትወስድላቸው ነበር። በ1837 ዓ.ም. ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለች፥ እግዚአብሔር ለአገልግሎቱ እንደ ጠራት በልብዋ ተሰማት። ነገር ግን አገልግሎቱ ምን እንደ ሆነ ገና አልተገለጠላትም ነበር። ከብዙ አሳብ በኋላ በሽተኞችን ማስታመም እንደ ሆነ አወቀች።

2. የተናቀ ሥራ

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር በሐኪም ቤት ማስታመም የተናቀ ሥራ ነበር። ባለጠጋ ሲታመም በቤቱ ተኝቶ ይታከም ነበር፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄዱት ድሆች ነበሩ። ክፍሎቹ የተጨናነቁና የሚሸቱ ነበሩ። ከአስታማሚዎቹ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ያጡ ሴቶች ነበሩ። ደመወዛቸው ጥቂት ነበር፤ አንዳንዶቹም ይሰክሩ ነበር። በእርግጥ ከእነርሱ መካከል ልባሞችና ትጉሆች ሴቶች ነበሩ። ነገር ግን ሥራውን በትምህርት ቤት የሚያስተምር አልነበረም። ስለዚህ አንዲቱ አስታማሚ በብዙ ዘመን የደከመችበት ዕውቀት ከእርስዋ ጋር ይቀበር ነበር እንጂ ለሌላይቱ አይተላለፍም ነበር። እያንዳንዷም ሥራዋን ከመጀመሪያው ትጀምር ነበር፤ የቀድሞውም ስሕተት እንደ ገና ይሠራ ነበር።

በ1845 ዓ.ም. ፍሎሬንስ በሶልዝበሪ ከተማ ባለው ሐኪም ቤት ጥቂት ወራት ተቀምጣ ማስታመምን እንድትማር ወላጆችዋን ለመነች። እናትዋ እጅግ ተቈጣች፤ እኅትዋም አለቀሰች። የባለጸጋ ልጅ ወደዚያ ብትገባ ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚዋረድ መሰላቸው። ስለዚህ ከለከሉአት። ፍሎሬንስ በዚህ ነገር ብዙ አዘነች፤ ነገር ግን ተስፋ አልቈረጠችም። ሌሎቹ ተኝተው ሳሉ ገና ሳይነጋ ተነሥታ፥ ስለ ሐኪም ቤቶች የተጻፉትን መዛግብት በሻማ ብርሃን ታነብ ነበር። በአንዱ ሐኪም ቤት ስንት ሰዎች ገቡ፥ ስንቶቹ ዳኑ፥ ስንቶቹ ሞቱ፥ ይህን ሁሉ በደብተርዋ ትጽፍ ነበር። ጧት ግን እንደ ሌሎቹ ለብሳ ወደ ማዕድ ትወርድ ነበር። አንድ የተከበረ ሰው ሊያገባት ፈልጎ ነበር፤ እርስዋም ትወደው ነበር፤ ነገር ግን የተጠራችበትን ሥራ እንዳይከለክላት ብላ አላገባችውም።

3. ወደ ጀርመን አገር መሄድዋ

በጀርመን አገር በራይን ወንዝ አጠገብ ካይዘርስቬርት የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ቴዎዶር ፍሊድነር የሚባል የወንጌል ሰባኪ ከሚስቱ ጋር በ1836 ዓ.ም. ሐኪም ቤት መሥርቶ ነበር። በዚያ የሚያገለግሉት ሴቶች ዲያቆናውያት ይባሉ ነበር። በሽተኞችን ያስታምሙ ነበር፤ የሙት ልጆችን ያሳድጉ ነበር፤ ሕፃናትንም ያስተምሩ ነበር።

በ1851 ዓ.ም. ወላጆችዋ ከብዙ ክርክር በኋላ ፈቀዱላትና ፍሎሬንስ ወደዚያ ሄደች። የ31 ዓመት ሴት ነበረች። ሦስት ወር ያህል እንደ ተማሪዎቹ ሆና ተቀመጠች። በማለዳ ተነሣች፤ ቀላል ምግብ በላች፤ የበሽተኞችን አልጋ አነጠፈች፤ ቍስልም አጠበች። በዚያ የነበረው የሕክምና ዕውቀት ጥቂት ነበር፤ ንጽሕናውም እንደሚገባ አልነበረም። ፍቅሩና ሥርዓቱ ግን ታላቅ ነበር። ፍሎሬንስ ሁለቱንም ለይታ አየች፤ መልካሙን ያዘች፤ ጐደሎውንም አስተዋለች። ማስታመም በጋራ የሚኖሩ ሴቶች በጋራ ሊማሩት የሚችሉ ሥራ እንደ ሆነም በዓይንዋ አየች።

ከዚህ በኋላ በፓሪስ ያሉትን ሐኪም ቤቶች ጐበኘች። በእንግሊዝ፥ በፈረንሳይና በጀርመን አገር ስላሉት ሐኪም ቤቶችም መዛግብትን ሰበሰበች፤ አንዱንም ከሌላው ጋር አስተያየች። አንዱ ሐኪም ቤት ከሌላው የሚማረው ነገር እንዳለ ተረዳች።

4. ሙቅ ውሃና ደወል

በ1853 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ የታመሙ ሴቶች የሚታከሙበት አንድ ትንሽ ሐኪም ቤት ነበረ። ፍሎሬንስ የዚያ ቤት አለቃ ሆነች። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሰዎች የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን የሆኑትን በሽተኞች ብቻ ሊቀበሉ አስበው ነበር። ፍሎሬንስ ግን ካቶሊክም አይሁዳዊም ብትሆን የታመመች ሴት ሁሉ እንድትገባ አጥብቃ ጠየቀች፤ እነርሱም እሺ አሉ።

በዚያ ቤት አስታማሚዎቹ ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ በትዕግሥት ተመለከተች። አስታማሚይቱ ሙቅ ውሃ ለማምጣት ደረጃ ትወርዳለች፤ ተሸክማም ትወጣለች። ምግብ ለማምጣት እንደ ገና ትወርዳለች። ደወል ሲደወል ደግሞ ማን እንደ ጠራት ስለማታውቅ ከክፍል ወደ ክፍል ትሮጣለች። እንዲህ ሆኖ የቀኑ ጕልበትዋ በደረጃ ላይ ያልቅ ነበር፤ ለበሽተኛይቱም የሚተርፍ ጊዜ አልነበራትም። ስለዚህ ፍሎሬንስ ሙቅ ውሃ በቧንቧ ወደ ፎቁ ሁሉ እንዲወጣ፥ ምግብም በገመድ በሚሳብ ሣጥን ከታች ወደ ላይ እንዲወጣ አሳሰበች። ደግሞም የደወለችው በሽተኛ የትኛዋ እንደ ሆነች የሚያሳይ ምልክት በደወሉ ላይ እንዲሆን ጠየቀች። ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሠራተኛን ድካም በዓይኑ አይቶ የሚያቀልል ሰው ሥራውን ሁሉ ያሻሽላል።

5. ወደ ጦር ሜዳ

በ1854 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው ከሩሲያ ጋር በክሪሚያ ተዋጉ። የቈሰሉትና የታመሙት የእንግሊዝ ወታደሮች በመርከብ በጥቍር ባሕር ላይ ተጭነው፥ ከቁስጥንጥንያ ፊት ለፊት ባለችው በስኩታሪ ወደሚገኘው ሐኪም ቤት ይወሰዱ ነበር። ወታደሮቹ ያለ አስታማሚና ያለ መጠቅለያ ጨርቅ እንደሚሞቱ ጋዜጣ ጻፈ፤ የእንግሊዝም ሕዝብ እጅግ አዘነ። ስድኒ ሄርበርት የሚባለው የጦር ጉዳይ ሚኒስትር ፍሎሬንስን ያውቃት ነበርና፥ አስታማሚዎችን ይዛ እንድትሄድ ለመናት።

ኦክቶበር 21 ቀን 38 ሴቶች ይዛ ከሎንዶን ተነሣች። ከእነዚህ 10ሩ የካቶሊክ መነኮሳት ነበሩ፤ 14ቱ በሐኪም ቤት ይሠሩ የነበሩ ሴቶች ነበሩ፤ የቀሩትም 14 ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ማኅበሮች የመጡ ነበሩ። እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም ነበር፤ በሃይማኖት ሥርዓትም በልማድም ይለያዩ ነበር። ኖቬምበር 4 ቀን ስኩታሪ ደረሱ።

ቤቱ ቀድሞ የወታደር ሰፈር ነበር። እጅግ ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን እጅግ የረከሰ ነበር። ከበታቹ የቆሻሻ መውረጃ ቦይ ተደፍኖ ይሸት ነበር። አይጥና ቅማል ሞልቶ ነበር። በሽተኞቹ በመሬት ላይ ተኝተው ነበር። ሸሚዝ፥ ሳሙና፥ ማንኪያም አልነበረም።

ሐኪሞቹ ሴቶቹን በደስታ አልተቀበሉአቸውም። ሴቶች በጦር ሐኪም ቤት ሊሠሩ እንደማይችሉ ያስቡ ነበር። ፍሎሬንስ ግን አልተከራከረችም። ሐኪሞቹ እስኪጠሩአቸው ድረስ አንዲትም አስታማሚ ወደ በሽተኞቹ እንዳትገባ አዘዘች። በዚያ ጊዜ መጠቅለያ ጨርቅና ፍራሽ ሲሰፉ ቈዩ። በኋላ ግን ከኢንከርማን ጦርነት እጅግ ብዙ ቍስለኞች መጡ። ያን ጊዜ ሐኪሞቹ ራሳቸው ርዳታ ጠየቁ። ሴቶቹም ገቡ፤ ከሐኪሞቹም ጋር አብረው መሥራት ጀመሩ።

6. በስኩታሪ የተሠራ ሥራ

ፍሎሬንስ ሥራውን ሁሉ ብቻዋን ልትሠራው እንደማትችል ታውቅ ነበር። ስለዚህ በአጠገብዋ ያለውን ሰው ሁሉ ሠራተኛ አደረገችው። በዚያ የወታደሮች ሚስቶች ነበሩ፤ ሥራ አጥተው በችግር ይኖሩ ነበር። ፍሎሬንስ አንድ ቤት ተከራየች፤ ውሃ ማፍያ ጋኖችንም አስገባች፤ እነዚያም ሴቶች የበሽተኞችን ልብስ በሙቅ ውሃ እያጠቡ ደመወዝ ተቀበሉ። እንዲህ ሆኖ ድሃዋ እንጀራ አገኘች፤ በሽተኛውም ንጹሕ ሸሚዝ አገኘ።

የወጥ ቤቱም ሥራ የተበላሸ ነበር። ሥጋው ከነአጥንቱ ተቈርጦ በትልቅ ድስት ይቀቀል ነበር፤ ሲታደልም ለአንዱ ሥጋ፥ ለሌላው አጥንት ብቻ ይደርስ ነበር። ፍሎሬንስ በጣም ለታመሙት ሾርባና ለስላሳ ምግብ የሚበስልባቸው ትናንሽ ወጥ ቤቶችን አቆመች። በ1855 ዓ.ም. ደግሞ አሌክሲ ስዋዬ የሚባል በሎንዶን የታወቀ ወጥ ሠሪ በገዛ ገንዘቡ መጣ። እርሱ ወታደሮችን ወጥ መሥራት አስተማራቸው፤ ጥቂት እንጨት የሚበቃው አዲስ ምድጃም ሠራ። ምድጃው መልካም ስለ ነበር የእንግሊዝ ጦር ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሠራበት። እንዲህ ሐኪሙ፥ አስታማሚይቱ፥ አጣቢዋና ወጥ ሠሪው እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን አመጡ።

ሌሊት ሁሉ ጸጥ ሲል ፍሎሬንስ ፋኖስ ይዛ በበሽተኞቹ አልጋ መካከል ትዞር ነበር። ስለዚህ በዓለም ሁሉ ባለ ፋኖስዋ እመቤት ተብላ ታወቀች። ወታደሮቹም እጅግ ወደዱአት።

7. ቍጥር የገለጠው እውነት

ነገር ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር ነበረ። ይህ ሁሉ ድካም ሲደረግ በስኩታሪ የሚሞቱት ሰዎች አልቀነሱም ነበር፤ እንዲያውም በዚያ ክረምት በዙ። በፌብሩዋሪ 1855 ዓ.ም. ከታከሙት ከ100 በሽተኞች 42 ያህሉ ሞቱ። የገደላቸውም ከቍስል ይልቅ በሽታ ነበር፤ ይኸውም ኮሌራ፥ ተስቦና የደም ተቅማጥ ነው።

በማርች ወር ከመንግሥት የተላኩ የጤና መርማሪዎች መጡ። ከእነርሱም አንዱ ዶክተር ጆን ሳዘርላንድ፥ ሁለተኛውም መሐንዲሱ ሮበርት ሮሊንሰን ነበሩ። የተደፈነውን ቦይ አስከፈቱ፤ ከ500 ጋሪና ቅርጫት በላይ ቆሻሻ አስወጡ፤ የሞቱ እንስሶችን አስቀበሩ። ግድግዳውን በኖራ አስቀቡ፤ ነፋስ እንዲገባም መስኮቶቹን አስከፈቱ። ከዚህ በኋላ ሞት ፈጥኖ ቀነሰ። በጁን ወር ከ100 በሽተኞች የሞቱት 2 ያህል ብቻ ነበሩ።

ፍሎሬንስ በሜይ 1855 ዓ.ም. ወደ ክሪሚያ በሄደች ጊዜ በብርቱ ትኩሳት ታማ ልትሞት ደርሳ ነበር። ተረፈች፤ ነገር ግን ጤናዋ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1856 ዓ.ም. ወደ አገርዋ ተመለሰች። ሕዝቡ በታላቅ ክብር ሊቀበላት ፈልጎ ነበር፤ እርስዋ ግን ማንም ሳያያት በስውር ወደ ቤትዋ ገባች። ልብዋ ስለ ሞቱት ወታደሮች ያዝን ነበርና።

በሎንዶን ዊልያም ፋር የሚባል የሕዝብን ልደትና ሞት የሚቈጥር አዋቂ ነበር። ፍሎሬንስ ከእርሱ ጋር ሆና የስኩታሪን መዛግብት መረመረች። አስቀድሞ ወታደሮቹ ይበልጡን የሞቱት በረኀብና በብርድ ደክመው፥ ዘግይተውም ወደ ሐኪም ቤት ስለ ደረሱ ይመስላት ነበር። ቍጥሩ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ብዙዎቹ የሞቱት በዚያው በሐኪም ቤቱ ርኵሰት ነበር። እርስዋ ሌሊት በፋኖስ ስታጽናናቸው የነበሩት ሰዎች፥ እርስዋ በምትሠራበት ቤት በሽታ ይዞአቸው ሞተው ነበር።

ይህን እውነት መቀበል እጅግ ከባድ ነበር። አገሩ ሁሉ ያመሰግናት ነበርና፥ ዝም ብትል የሚወቅሳት አልነበረም። ፍሎሬንስ ግን አልሸሸገችውም። ሁሉን ጽፋ በ1858 ዓ.ም. አሳተመች። ቍጥር ማንበብ የሚታክታቸው ሹማምንት እንዲያስተውሉትም፥ የየወሩን ሞት በቀለም የሚያሳይ ክብ ሥዕል ሠራች። በክቡ ውስጥ ሰማያዊው ሊከለከል በሚችል በሽታ የሞቱትን፥ ቀዩ በቍስል የሞቱትን፥ ጥቍሩም በሌላ ምክንያት የሞቱትን ያሳይ ነበር። ሰማያዊው ከቀዩ እጅግ ሰፍቶ ይታይ ነበር። የተመለከተው ሰው ሁሉ ወታደሮቹን ከጠላት ጥይት ይልቅ ቆሻሻ እንደ ፈጃቸው ወዲያው ያስተውል ነበር። ከዚህ በኋላ የወታደር ሰፈሮችና ሐኪም ቤቶች መሻሻል ጀመሩ። እርስዋም በሎንዶን የስታቲስቲክስ ማኅበር አባል የሆነች የመጀመሪያይቱ ሴት ሆነች።

በዚያ ዘመን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሐዋስያን በሽታን እንደሚያመጡ ገና አልታወቀም ነበር። ፍሎሬንስም በሽታ ከክፉ አየር የሚመጣ ይመስላት ነበር። ምክንያቱን በትክክል ባታውቅም፥ ንጽሕና እንደሚያድን ግን ቍጥሩ አስተማራት።

8. የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት

ጦርነቱ ገና ሳያልቅ የእንግሊዝ ሕዝብ ለፍሎሬንስ መታሰቢያ ገንዘብ አዋጥቶ ነበር፤ ከ44,000 ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። እርስዋ በዚህ ገንዘብ ለራስዋ ምንም አላደረገችም። በ1860 ዓ.ም. በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የአስታማሚዎችን ትምህርት ቤት አቆመችበት። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 15 ሴቶች ነበሩ። የትምህርቱም ዘመን አንድ ዓመት ነበር።

ተማሪዎቹ በመጽሐፍ ብቻ አይማሩም ነበር፤ በበሽተኞቹ አጠገብ እየሠሩ ይማሩ ነበር። የክፍሉ ኀላፊ የሆነችው አስታማሚ ሥራውን ታሳያቸው ነበር። እነርሱም ያዩትን በደብተር ይጽፉ ነበር፤ በሽተኛው እንዴት እንዳደረ፥ ምን እንደ በላ፥ ቍስሉም እንዴት እንደ ሆነ። በየወሩም የእያንዳንዷ ትጋት፥ ንጽሕናና ችሎታ ይመዘገብ ነበር።

ፍሎሬንስ ከዚህ ጥቂት ቀደም ብላ በ1859 ዓ.ም. ስለ ማስታመም አንድ ትንሽ መጽሐፍ አውጥታ ነበር። በዚህ መጽሐፍ ንጹሕ አየር፥ ብርሃን፥ ጸጥታና ንጹሕ ምግብ ለበሽተኛ እንደሚያስፈልጉ አስተማረች። ደግሞም መልካም አስታማሚ እርስዋ ባለችበት ጊዜ የሚሠራው ሥራ በሌለችበትም ጊዜ እንዲሠራ ታዘጋጃለች ብላ ጻፈች። ዕውቀትዋን ለራስዋ የምትሸሽግ ሴት ይህን ልታደርግ አትችልም፤ ለባልንጀራዋ የምታስተምር ብቻ ትችላለች።

9. ስሕተትን ማቅናት

ትምህርት ቤቱም ያለ ስሕተት አልነበረም። ፍሎሬንስ ስለ ታመመች ለብዙ ዘመን በአልጋ ላይ ሆና በደብዳቤ ትሠራ ነበርና፥ ሥራውን ሁሉ በዓይንዋ ልታየው አልቻለችም። በ1872 ዓ.ም. አካባቢ ነገሩን በቅርብ መረመረች። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቤትዋ እየጠራች ጠየቀቻቸው። እነርሱም እንደ ሠራተኛ ብቻ እንደሚሠሩ፥ የሚያስተምራቸውም ጥቂት እንደ ሆነ አወቀች። ስለዚህ ትምህርቱ ተሻሻለ፤ የሐኪም ትምህርት በሥርዓት እንዲሰጣቸው፥ በማደሪያቸውም የምታስጠናቸው አንዲት እኅት እንድትሾም ተደረገ። የታናናሾቹ ተማሪዎች ምስክርነት የታላላቆቹን ሥራ አቀና።

ሌላም ነገር ሆነ። ከትምህርት ቤቱ መከፈት ጥቂት በኋላ፥ አዋላጆች የሚማሩበት የወላዶች ክፍል በኪንግስ ኮሌጅ ሐኪም ቤት ተከፍቶ ነበር። ሥራው መልካም ነበር፤ የድሆች ሚስቶችም ይረዱበት ነበር። ነገር ግን በዚያ የሚወልዱ እናቶች ከወሊድ በኋላ በሚመጣ ትኩሳት ይሞቱ ጀመር። ፍሎሬንስ ይህን ባወቀች ጊዜ ክፍሉ በ1867 ዓ.ም. ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ዝም አላለችም። ከብዙ ቦታዎች የወላዶችን ሞት ቍጥር ሰበሰበች፤ በ1871 ዓ.ም. አሳተመችው። ሌሎች ሐኪም ቤቶች ከዚያ ስሕተት እንዲማሩና የሌሎች እናቶች ሕይወት እንዲተርፍ ፈልጋ ነው።

10. ዘሩ መብዛቱ

ከትምህርት ቤቱ የወጡ ሴቶች የተማሩትን ይዘው ወደ ሩቅ ሄዱ። አግነስ ጆንስ የምትባል ሴት በ1865 ዓ.ም. ከ12 አስታማሚዎች ጋር ወደ ሊቨርፑል ከተማ ሄደች። በዚያ እጅግ ድሆች የሆኑ በሽተኞች በሚሰበሰቡበት ቤት ቀድሞ የሚያስታምሙት ያልተማሩ ድሆች ነበሩ። አግነስ ጆንስ ሥራውን በሥርዓት አቆመች። ሦስት ዓመት ከደከመች በኋላ በተስቦ ታማ በ1868 ዓ.ም. ሞተች። በዚያው ዓመት ሉሲ ኦስበርን ከ5 አስታማሚዎች ጋር ወደ አውስትራልያ ወደ ሲድኒ ከተማ ደረሰች። በ1877 ዓ.ም. ደግሞ ሊንዳ ሪቻርድስ የምትባል የአሜሪካ አስታማሚ ልትማር ወደ እንግሊዝ መጣች፤ ተመልሳም በአገርዋ ብዙ ሴቶችን አስተማረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ ጃፓን አገር ሄዳ አስተማረች። እንዲህ አንዲቱ ለሁለተኛይቱ፥ ሁለተኛይቱም ለሦስተኛይቱ አስተላለፈች። ፍሎሬንስም ከ1872 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዘመን ለተማሪዎቹ የምክር ደብዳቤ ትጽፍላቸው ነበር። በደብዳቤዋም ተምሬ ጨርሻለሁ ብሎ ማሰብ ለአስታማሚ አደገኛ እንደ ሆነ ታስጠነቅቃቸው ነበር።

በእርጅናዋ ዓይንዋ ጠፋ። በ1907 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ከዚያ በፊት ለሴት ተሰጥቶ የማያውቅ ታላቅ ኒሻን ሰጣት። በ1910 ዓ.ም. ኦገስት 13 ቀን በ90 ዓመትዋ በሎንዶን ዐረፈች። ነገሥታትና ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር ትቀበር ዘንድ ተጠይቆ ነበር፤ ዘመዶችዋ ግን አልተቀበሉም። በአባትዋ ቤት አቅራቢያ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። በመቃብርዋም ላይ ከስምዋ የተጻፉት ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው። ዛሬ በዓለም ሁሉ ያሉ ነርሶች የተወለደችበትን ሜይ 12 ቀን በየዓመቱ ያከብራሉ።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ተማሩ። መጀመሪያ፥ የምታውቁትን ለጓደኛችሁ አስተምሩ፤ ዕውቀት ሲካፈሉት አይጐድልምና። ሁለተኛ፥ ከእናንተ ታናሽ የሆነውም ቢናገር ስሙት፤ እርሱ ያየውን እናንተ አላያችሁት ይሆናልና። ሦስተኛ፥ ስትሳሳቱ ስሕተታችሁን አትሸሽጉ፤ መርምራችሁ አቅኑት፤ የተሸሸገ ስሕተት ነገ ሌላውን ሰው ይጐዳልና። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፥ አብረው የሚማሩና አብረው የሚሠሩ ሰዎች አንዱ ብቻውን የማይችለውን ይችላሉ።